ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ለሚመላለስ ሰው የኤሌክትሪክ መኪና ያዋጣል?

ባለ መደብሯ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ላይ የእንስሳት መድኃኒት መደብር አለኝ። ዕቃ የማመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ላሉ ደንበኞቼ ደግሞ ራሴ አደርሳለሁ። ክትባቱ በበረዶ ሳጥን ስለሚጓዝ መንገድ ላይ መዘግየት አልችልም። የምነዳው የድሮ ቪትዝ ነው። ሞተሩ ደህና ነው፣ ያስመረረኝ ቤንዚኑ ነው። ማደያ ተሰልፌ ስውል መደብሩ ተዘግቶ ይውላል፤ ሰልፉን ስሸሽ ደግሞ በሃይላንድ ከሚሸጡት በውድ እገዛለሁ፣ ምን እንደተቀላቀለበት እንኳ አላውቅም።

በጥር 2016 የቤንዚን የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው አይቀመስም። ቪትዙን ሸጬ፣ ጨምሬበት ቢዋይዲ ሲጋል የምትባለውን ትንሿን የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ልግዛ እያልኩ ነው። የሚያስፈራኝ የጣርማበር ዳገትና የኛ ውርጭ ነው። በዚህ መስመር የነዳችሁ እባካችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

ሾፌር ዘሸኖ

እህቴ፣ ባትሪ ይዞ ጣርማበርን መውጣት ድፍረት ነው። ቪትዝሽን ያዢና ጋዝ አስገጥሚለት።

ኤሌክትሪሺያን ከጠባሴ

ሾፌር ወንድሜ፣ ጋዙን አስገጥማ የት ትሞላዋለች? ከሸኖ እስከ ሸዋ ሮቢት መኪና ጋዝ ሲሞላ አይቼ አላውቅም። መብራት ግን ሁሉም ከተማ አለ። እኔ ሲጋል ነው የምነዳው፣ በዚሁ መንገድ።

እህቴ፣ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ቶን ክብደት አንድ ኪሎ ሜትር ከፍታ ለመውጣት 2.7 ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪሽ የሚቆጥረው የመብራት መጠን) ይፈልጋል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጣርማበር ከ3,000 በላይ ነው። ሲጋል ከነሾፌሩ 1.3 ቶን ቢሆን፣ ዳገቱ ብቻውን ወደ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። የ95 ኪሎ ሜትሩን የተራ ጉዞ ስትደምሪበት መመለሻው ከ18 እስከ 20 ይሆናል። መሄጃው ግን ቁልቁለት ስለሆነ ከ10 አይበልጥም። ስለዚህ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያለውን ከገዛሽ ሸዋ ሮቢት ሄደሽ ሳትሞዪ ትመለሻለሽ። 30.08 የሆነውን ሻጩ ዋጋ ቀንሶ ያሳይሽ ይሆናል፤ ለከተማ ጥሩ ነው፣ ላንቺ ሥራ ግን አይሆንም፣ እዚያ ሳትሞዪ መመለስ አትችይም። ወረቀቱ ላይ 405 ኪሎ ሜትር የሚለውንም አትመኚው፣ አብዝቶ የሚያሳይ የቻይና መለኪያ ነው። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ በአንድ ሙሊት ደርሶ መልስ ይቻል ይሆናል፣ እኔ ግን እዚያው ሳልሞላ አልመለስም። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 አዲስ አበባ ላይ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ከፍቷል፣ ዕቃሽን እስክትጭኚ ይበቃሻል።

ቁልቁለቱን ላስረዳሽ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚፈራው በተቃራኒው ነው። እግርሽን ከነዳጅ መስጫው ስታነሺ ሞተሩ ራሱ ጀነሬተር ሆኖ መኪናውን ይይዘዋል፣ ባትሪውንም ይሞላል። ከጣርማበር ዋሻ ስወጣ ዳሽቦርዱ 70 በመቶ ካለ፣ ሸዋ ሮቢት ስገባ 72 ይላል። ፍሬኔ አይግልም። ነገር ግን ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ የሚመለሰውን ኃይል የሚቀበልበት ቦታ የለውም፣ ያኔ ሥራው ሁሉ የፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል። ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማበር ትንሽ ይጎድላል፤ ደብረ ሲና አድረሽ ወደ ታች የምትወርጂ ከሆነ ግን እስከ 90 በመቶ ሞልተሽ ተዪው።

ውርጩ እውነት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ማለዳ ባትሪው ስለሚቀዘቅዝ ርቀቱ ይቀንሳል፣ መሙላቱም ይዘገያል። መፍትሔው ማታ ስትደርሺ ወዲያው ከመሰካት ይልቅ ሰዓቱን አስተካክለሽ ሊነጋጋ ሲል እንዲጨርስ ማድረግ ነው፣ ባትሪው ሞቅ እንዳለ ትነሻለሽ። በዚያ ላይ ምሽት ሰው ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ኃይሉ ይወርዳል፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ይስተካከላል።

ባለ መደብሯ (ደብረ ብርሃን)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ እንዲህ አስልቶ የነገረኝ ሰው የለም። ሁለት ነገር ልጠይቅ። መንገድ ተዘግቶ ደብረ ሲና ባድር የእናቴ ቤት ተራ ሶኬት ነው ያለው፣ ይሞላልኛል? ሞላሌ ድረስስ ይሄዳል?

ኤሌክትሪሺያን ከጠባሴ

ከመኪናው ጋር የሚመጣው ትንሹ ቻርጀር በተራ ሶኬት በየሰዓቱ 2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ካደርሽ 20 ገደማ ታገኛለሽ፣ ቤትሽ ለመድረስ ከበቂ በላይ ነው። ግን የእናትሽን ሶኬት መጀመሪያ በባለሙያ አሳዪው፤ ኧርዝ ከሌለው አትሰኪ፤ ሽቦው ቀጭን ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ግሎ ያድራል። ኤክስቴንሽን ፈጽሞ አትጠቀሚ፣ የቀለጠ ሶኬት በእጄ ፈትቻለሁ። ላንቺ ቤት ባለ 7 ኪሎዋቱን ቻርጀር ለብቻው ብሬከር ካለው መስመር ጋር እንዘረጋዋለን፣ ቆጣሪሽ ከቻለው።

ሞላሌን በሲጋል አልመክርሽም። መኪናው ዝቅ ያለ ነው፣ ባትሪው ደግሞ ከወለሉ ሥር ነው። ኮረት መንገድ ላይ ድንጋይ ከነካው ወጪው ከባድ ነው። ያ መንገድ የዘወትርሽ ከሆነ ከፍ ያለ መኪና ፈልጊ።

የሮቢት ልጅ

እኔ የምጨምረው የመኪናውን የመሙያ ቀዳዳ ዓይነት ነው። ለቻይና ገበያ የተሠራው ጂቢቲ ነው፣ ለአውሮፓ የተሠራው ሲሲኤስ 2። ያልተመሳሰለ ከሆነ የሰው ቻርጀር ጋ ደርሰሽ ትመለሻለሽ። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ የባትሪው ጤና በመቶ ስንት እንደቀረ በኮምፒውተር ሳይታይ ቀብድ አትክፈዪ።

ኤሌክትሪሺያን ከጠባሴ

ልክ ነው። እህቴ፣ መኪናውን ስታዪ የመሙያውን ቀዳዳና የቆጣሪሽን ፎቶ እዚሁ ለጥፊው፣ ምን ያህል ሽቦ እንደሚያስፈልግሽ እነግርሻለሁ።