ዳዊት መድገም ጀምሮ ማቋረጥ፦ በፈረቃ ለሚሠራ ሰው ምን ይሻላል?

ወለተ ኪዳን (ሐዋሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በዐቢይ ጾም ዕለት ዕለት ዳዊት ሲደግም የከረመ ሰው ከፋሲካ በኋላ ለምን ይዝላል? ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ የሚሠሩ ሰዎች «እስከ መጨረሻ የሚጸና» የሚለውን በተግባር እንዴት ይኖሩታል? ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ማድረስ ካልተቻለ ከየት ይጀመር?

ኃይለ ገብርኤል፦
እህቴ፣ መዛሉ ምክንያት አለው። 55ቱን ቀን ጸሎቱ ጾሙንና ስግደቱን ተደግፎ ነው የሚቆመው። በበዓለ ሃምሳ ሁለቱም የሉም፤ ድጋፉ ሲነሣ ጸሎቱም አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ ዳግም ትንሣኤ ሳያልፍ የራሱ ቁርጥ ሰዓት ይኑረው።

ሌላው መጠኑ ነው። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። ሦስት ንጉሥ፣ ማለትም 30 መዝሙር፣ ረጋ ብሎ ለሚደግም ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከሌሊት ፈረቃ የወጣ ሰው ማክሰኞን ይዘላል፤ ረቡዕ ያለፈውን ጨምሮ 50 ሊደግም ይነሣል፤ ሐሙስ መጽሐፉንም አይከፍት። ያመለጠ ቀን እንደ ዕዳ አይቆጠር። የዛሬውን ብቻ ያዙ።

ከታቦር ሥር፦
ለጀማሪ በቀን 5 መዝሙር ይበቃል። ወራችን 30 ቀን ነውና 150ው በወር ያልቃል። ቀኑን በ5 ማባዛት ነው፤ በ7 ከ31 እስከ 35 ይደገማል። ሁለት ቀን ያመለጠውም የት እንዳቆመ አይጨነቅም። የሚከብደው በ24 ነው፤ 176 ቁጥር ያለው 118ኛው መዝሙር ይመጣል። በ22 ፊደላት የተከፈለ ስለሆነ ጠዋት ከአሌፍ እስከ ካፍ፣ ማታ ከላሜድ እስከ ታው ይደረግ። ለጳጉሜን 15ቱ ጸሎተ ነቢያት አሉ፣ በቀን 3። ይህ አከፋፈል መልመጃ እንጂ ሥርዓት አይደለም፤ ለንስሐ አባት ሳይነገር አይጀመር።

ቁጥሩንም አስተውሉ። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» 22 ላይ ከሆነ ልክ ነው። 23 ላይ ካገኛችሁት አቆጣጠሩ ሌላ ነውና ቀኖቹ ይዛነፋሉ።

ገብረ ሥላሴ፦
ኃይለ ገብርኤል፣ «የዛሬውን ብቻ» ያልከው ደግ ነው፤ ግን ዛሬም ሊያመልጥ ይችላል። እንቅልፍ ላሸነፈው ወለል ያስፈልገዋል፦ አባታችን ሆይ፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ መዝሙር 50። ከዚህ በታች አይወረድ። ሰርቪስ ውስጥ ደግሞ መቁጠሪያ ይዞ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ማለት ይቻላል። በስልክ የምትደግሙ ዳታውን አጥፉት፤ መልእክት ብልጭ ሲል ልብ ይበተናል።

ወለተ ኪዳን፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ 18 ነው፤ ከ86 ይጀመራል ማለት ነው?

ከታቦር ሥር፦
አዎ፣ እስከ 90። 90ኛው «በልዑል መጠጊያ የሚኖር» ነውና እሱን ለመኝታ አቆዩት።