ሰው ባልገባባቸው ፎቆች ቧንቧ ውስጥ የሚቆም ውሃ፦ አውቶማቲክ ማፍሰሻ መግጠም ያዋጣል?

ጠያቂ፦ የሕንፃ አስተዳዳሪ፣ ቱሉ ዲምቱ

ጤና ይስጥልኝ። ቱሉ ዲምቱ አደባባይ አካባቢ የሚገኝ ጂ ፕላስ 7 የንግድ ሕንፃ አስተዳድራለሁ። ምድር ቤቱን ባንክና ፋርማሲ፣ አንደኛውን ፎቅ የጥርስ ክሊኒክ፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቢሮዎች፣ አራተኛውን ደግሞ ሻወር ያለው ጂም ይዘውታል። ከአምስተኛ እስከ ሰባተኛ ያሉት ሦስት ፎቆች ግን ሕንፃው ካለቀ ጀምሮ ተከራይ አላገኙም። ውሃ የሚደርሰን በፈረቃ ስለሆነ ከመሬት በታች 20,000 ሊትር የሚይዝ የኮንክሪት ታንከር፣ ጣሪያ ላይ ደግሞ እያንዳንዳቸው 5,000 ሊትር የሚይዙ ሁለት ሮቶዎች አሉን። ከቆጣሪው እንደምናነበው የሕንፃው የቀን ፍጆታ በአማካይ 3,000 ሊትር ገደማ ነው።

ባዶዎቹን ፎቆች ለተከራይ ለማሳየት በከፈትን ቁጥር ከቧንቧው መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ቢጫ ቀለም ያለው ነው፤ ክፍሉም ይሸታል። የክሊኒኩ ኃላፊም የውሃው ጥራት እንደሚያሳስባቸው በደብዳቤ አሳውቀውናል። አንድ ዕቃ አቅራቢ በየፎቁ መስመር መጨረሻ ላይ በተወሰነ ሰዓት ራሱን ከፍቶ የቆመውን ውሃ የሚለቅ አውቶማቲክ ማፍሰሻ እንድንገጥም ሐሳብ አቅርቧል። ባለንብረቱ በበኩላቸው የሰፈሩ ሰው ጀሪካን ይዞ በሚሰለፍበት ጊዜ ንጹሕ ውሃ ወደ ፍሳሽ መልቀቅ ነውር ነው ይላሉ፤ እኔም ይህን አነጋገራቸውን በቀላሉ ማለፍ አልቻልኩም። በዚህ ጉዳይ ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መልስ 1፦ የሳኒተሪ መሐንዲስ

ቁጥሮቹን ዘርዝረው ማቅረብዎ በእጅጉ ይረዳል፤ ምክንያቱም የችግሩ ትልቁ ክፍል የሚታየው እዚያው ቁጥሮቹ ውስጥ ነው። 30,000 ሊትር አከማችተው በቀን 3,000 ሊትር የሚጠቀሙ ከሆነ ታንከሮቹ ሙሉ በሆኑበት ጊዜ ውሃው ከቆጣሪው አልፎ ተጠቃሚው እጅ እስኪገባ በአማካይ 10 ቀን ይቆያል ማለት ነው። ውሃውን ከጀርም የሚጠብቀው ክሎሪን ደግሞ በጊዜ ብዛት፣ በሙቀትና ከታንከሩ ግድግዳና ከደለሉ ጋር በሚያደርገው ንክኪ እየተመናመነ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ውሃው ለተጠቃሚው በሚደርስበት ቦታ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ቀሪ ክሎሪን እንዲኖር ይመክራል። 10 ቀን የቆየ፣ በተለይም በበጋ ፀሐይ በሚመታው ጥቁር ሮቶ ውስጥ ያለፈ ውሃ ይህን መጠን ጠብቆ መገኘቱን እጠራጠራለሁ። እንግዲህ ማፍሰሻው አሁን ቢገጠም የሚያደርገው ቧንቧ ውስጥ የቆመውን አሮጌ ውሃ አፍስሶ ከሮቶው የሚመጣውን ሌላ አሮጌ ውሃ መተካት ነው።

ስለዚህ ከታንከሩ ይጀምሩ። የመሬት ውስጡን ታንከር ፍሎተር (ታንከሩ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋውን ተንሳፋፊ) ዝቅ አድርገው የሚይዘውን መጠን ፈረቃው ለሚቋረጥባቸው ቀናት ከሚበቃው ብዙም እንዳይበልጥ ይወስኑት፤ ውሃው ቢበዛ ለሦስት ቀን የሚጠፋ ከሆነ ከነሮቶው በአጠቃላይ 11,000 ወይም 12,000 ሊትር ይበቃዎታል። ይህም የውሃውን ዕድሜ ወደ አራት ቀን ያወርደዋል። ሮቶዎቹ እንዴት እንደተያያዙም ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ጎን ለጎን ተገጥመው ውሃው በአንደኛው በኩል ገብቶ በዚያው በኩል ስለሚወጣ ሁለተኛው ሮቶ ለወራት ሳይንቀሳቀስ ይቆያል። ውሃው በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ አድርገው በተከታታይ ያያይዟቸው፤ አንዱን ለጊዜው የማይፈልጉት ከሆነም ቫልቩን በመዝጋት ብቻ አይተዉት፤ አፍስሰው ከመስመሩ ይንቀሉት።

አሁን ወደ ቧንቧው ልምጣ። ከሮቶው ወደ ታች የሚወርደውን ዋና መስመር የታችኞቹ ፎቆች በየቀኑ ስለሚጠቀሙበት ውሃው አይቆምበትም፤ የሚቆመው ከእርሱ ወደ ባዶዎቹ ፎቆች በሚገነጠሉት ቅርንጫፎች ውስጥ ነው። የተዘረጋው ባለ 32 ሚሊ ሜትር ፒፒአር የተባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ከሆነ ውስጡ 21 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ሜትር 0.35 ሊትር ይይዛል። በአንድ ፎቅ 30 ሜትር ቧንቧ አለ ብንል 11 ሊትር ያህል ይሆናል፤ ይህን ሦስት እጥፍ አድርገን ብናፈስ ለሦስቱ ፎቆች 100 ሊትር ይበቃል። የጀርመኑ ቪዲአይ 6023 መመሪያ ውሃ ከ72 ሰዓት በላይ ሳይቀየር እንዳይቆም ሲመክር፣ በብሪታኒያ ደግሞ ብዙም የማይከፈቱ ቧንቧዎች ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ እንዲለቀቁ ይጠየቃል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢለቁ 200 ሊትር ነው፤ ከሳምንት ፍጆታዎ ከ21,000 ሊትር ውስጥ አንድ በመቶ አይሞላም። የባለንብረቱ ሥጋት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ይህ ውሃ የግድ ወደ ፍሳሽ መውረድ የለበትም። በቱቦ ወደ ታች አውርዶ ለአትክልት ወይም ለወለል ጽዳት በሚያገለግል በርሜል መቀበል ይቻላል፤ ይህ ከተደረገ የሚባክን ነገር አይኖርም።

መልስ 2፦ የሕንፃ ጥገና ባለሙያ

ከላይ በተሰጠው ምክር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ዕቃው ከመገዛቱ በፊት መታየት ያለበትን ነገር ግን ልጨምር። አቅራቢዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጡት ሶሌኖይድ ቫልቭ (በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚሠራ ቫልቭ) የሚዘጋው በራሱ በውሃው ግፊት እየታገዘ ነው። ሰባተኛው ፎቅ ከሮቶው በታች ያለው ሦስት ሜትር ብቻ ቢሆን የሚያገኘው ግፊት 0.3 ባር ገደማ ነው። በዚህ ግፊት እንዲህ ዓይነቱ ቫልቭ ከተከፈተ በኋላ በደንብ ሳይዘጋ ሲያንጠባጥብ ያድራል፤ ይባስ ብሎም ሮቶውን ባዶ ያደርገዋል። ስለዚህ ያለ ግፊት የሚሠራ፣ መብራት ሲጠፋም ራሱን የሚዘጋ ዓይነት መሆኑን በጽሑፍ አስረጋግጡ። በሞተር የሚዞር ቫልቭ ከመረጣችሁ ደግሞ መብራት ሲሄድ በተከፈተበት እንዳይቀር ባትሪ ወይም መላሽ ስፕሪንግ ያለው ይሁን።

ከቫልቩ በፊት የሚጸዳ ማጣሪያ መግጠም ግዴታ ነው፤ ፈረቃው ሲመለስ የሚገፋው አሸዋና ዝገት ከጎማው ሥር አንዲት ፍሬ ካስቀመጠ ቫልቩ አይገጥምም። የማፍሰሻው ጫፍም ከፍሳሽ መቀበያው ወይም ከበርሜሉ አፍ ከፍ ብሎ በአየር ክፍተት ይቁም እንጂ ውስጡ እንዳይነከር፤ መስመሩ ባዶ ሆኖ በሚስብበት ጊዜ ቆሻሻውን ወደ ንጹሑ ውሃ ይመልሰዋልና።

መልስ 3፦ የአካባቢ ጤና ባለሙያ

በጉዳዩ ላይ የጤናው ጎን በሚገባ አልተነሣም። ለብ ያለና የቆመ ውሃ ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ የሚራባበት ነው፤ የሚያድገውም ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ፊላዴልፊያ ውስጥ በአንድ ሆቴል በተደረገ የቀድሞ ወታደሮች ጉባኤ ላይ ብዙ ሰው በሳንባ ምች ከገደለ በኋላ ነው ዓለም ያወቀው። የሚይዘውም በዋናነት ውሃው በጭጋግ መልክ ሲተነፈስ ነው፤ ስለዚህ እርስዎ ሕንፃ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስቡኝ የጂሙ ሻወርና የጥርስ ክሊኒኩ ናቸው።

ጂሙ መብራት ለመቆጠብ ቦይለሩን 45 ዲግሪ ላይ አድርጎት ከሆነ ይህ ሊታለፍ አይገባም። ውሃው ቦይለሩ ውስጥ ቢያንስ 60 ዲግሪ መሆን፣ ሻወሩ ሲከፈትም በአንድ ደቂቃ ውስጥ 50 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ሰው እንዳይቃጠል ደግሞ ማደባለቂያው ቫልቭ ሻወሩ አጠገብ ይገጠም። ክሊኒኩ የወንበሩን ቀጫጭን የውሃ ቱቦዎች ጠዋት ለሁለት ደቂቃ፣ በታካሚና በታካሚ መካከል ደግሞ ለ20 ወይም ለ30 ሴኮንድ እንዲለቅ ያስታውሱት።

ስለ ሽታው ከመወሰንዎ በፊት አንድ ቀላል ፍተሻ ያድርጉ። መጀመሪያ የሚወርደውን ውሃ በብርጭቆ ተቀብለው ከፎቁ ይውጡና ሌላ ቦታ ያሽትቱት። ብርጭቆው ካልሸተተ ሽታው የመጣው ውሃው ደርቆበት ከፍሳሽ መስመሩ ጋር ክፍት ከሆነው ሲፎን (ውሃ ይዞ የፍሳሽ ሽታን ከሚያግደው ጠማማ ቱቦ) ነው። ውሃ ወደ ላቫንዲኖውና ወደ ወለሉ ፍሳሽ በየጊዜው መጨመር ይህን ለብቻው ይፈታዋል።

ጠያቂ፦ የሕንፃ አስተዳዳሪ፣ ቱሉ ዲምቱ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የዋና ገንዳ ውሃ መመርመሪያ የዲፒዲ እንክብል (ክሎሪን ሲኖር ውሃውን ሮዝ የሚያደርግ) ገዝተን ቀሪ ክሎሪኑን ለካን። ቆጣሪው አጠገብ በሊትር 0.4 ሚሊ ግራም፣ የመሬት ውስጡ ታንከር ላይ 0.2፣ ከሮቶው መውጫ ከ0.1 በታች ሆነ፤ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ግን ውሃው ጭራሽ ሮዝ ቀለም አላመጣም። የብርጭቆውን ፍተሻም አድርገናል፤ ሽታው በአብዛኛው የሲፎኑ ነው፤ ቢጫው ቀለም ግን ብርጭቆው ሥር ቀጭን ዝቃጭ ሆኖ ይታያል። ሁለተኛው ሮቶም እንደተባለው ውሃ የማይዞርበት ሆኖ ተገኝቷል። ባለንብረቱ ውሃው በርሜል ውስጥ የሚጠራቀም ከሆነ ተቃውሞ እንደሌላቸው ነግረውኛል። ለአምስተኛው ፎቅ አሁን ተከራይ መጥቷል፤ ከመግባቱ በፊት መስመሩን እንዴት ብናጸዳ ይሻላል?

መልስ 4፦ የሳኒተሪ መሐንዲስ

መጀመሪያ ታንከሮቹን አጥባችሁ ሮቶዎቹን አስተካክሉ፤ ከዚያ በኋላ የአምስተኛውን ፎቅ ቧንቧዎች ጥርት ያለ ውሃ እስኪወርድ ድረስ ከፍታችሁ ልቀቁ። የሻወርና የቧንቧ ጫፍ ማጣሪያዎች ተፈትተው ይታጠቡ፤ ዝቃጩ የሚይዘው እዚያ ነው። ቅርንጫፉን ከዋናው መስመር ለይታችሁ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ክሎሪን ባለው ውሃ ሙሉትና ለ1 ሰዓት አቆዩት። ሽቶ የሌለው ባለ 5 በመቶ በረኪና ከተጠቀማችሁ 1 ሊትሩ ለ1,000 ሊትር ውሃ ይበቃል፤ በረኪና ግን ሲቆይ ኃይሉን ስለሚያጣ የተመረተበትን ቀን ተመልከቱ። በዚያ ሰዓት ማንም እንዳይከፍት በየቧንቧው ላይ ማስታወቂያ ለጥፉ፤ በመጨረሻም ክሎሪኑ ቆጣሪው ላይ ወደለካችሁት መጠን እስኪመለስ ድረስ አፍስሱት።

አውቶማቲኩን ዕቃ አሁን ለስድስተኛውና ለሰባተኛው ፎቅ ብቻ ግዙ። አምስተኛው ፎቅ ላይ የቧንቧውን አቅጣጫ ለመቀየር ዕድሉ ስላለ መስመሩ ላቫንዲኖዎቹን አልፎ በሽንት ቤቱ እንዲያልቅ አድርጉ፤ በየቀኑ የሚለቀቀው ሽንት ቤት የመስመሩ መጨረሻ ከሆነ ውሃው ያለ ምንም መሣሪያ ይቀየራል። ክሎሪኑን ደግሞ በየሳምንቱ በእነዚያው አራት ቦታዎች ለክታችሁ መዝግቡ፤ የስድስተኛው ፎቅ ቁጥር 0.2 እስኪደርስ ድረስ በአንዱ ማፍሰስና በሚቀጥለው መካከል ያለውን ጊዜ አሳጥሩት።