የሁለት ሰው ንግግር ስቀርጽ ሾቶቹ ለየብቻቸው ያምራሉ፤ ሲቀጣጠሉ ግን አይገጥሙም

ጀማሪ24

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ መሃላቸው አድርገው የሚነጋገሩበት አጭር ትዕይንት በእጄ አለ። ካሜራው ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው)፣ ሌንሱ ከ24 እስከ 70 ዙም፣ ቀረጻው 16 በ9 ነው። እያንዳንዱ ሾት ብቻውን ሲታይ ደህና ነው። ኤዲት ላይ ግን ይበላሻል፦ አንዳንድ ካት (ከአንድ ሾት ወደ ሌላው መሻገሪያ) ላይ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ይመስላሉ፤ ከዋይድ (ክፍሉን በሰፊው ከሚያሳየው) ወደ ሚዲየም (ከወገብ በላይ ወደሚያሳየው) ሲሻገር ደግሞ ምስሉ ይዘላል።

ሌላም አለኝ። ፊት ለመቅረጽ ካሜራውን ላስጠጋ ወይስ ከሩቅ ሆኜ ዙም ላድርግ? ከጭንቅላት በላይስ ምን ያህል ክፍት ቦታ ይተዋል? ግሪዱን (ስክሪኑን ሦስት ሦስት ቦታ የሚከፍሉትን መስመሮች) አብርቼ ዓይንን ሁልጊዜ የላይኛው መስመር ላይ ነው የማስቀምጠው፤ ዋይዱ ላይ ግን ልክ አይመጣም። ይኸው ትዕይንት ለስልክ በቁመትም መውጣት አለበት።

ባለመስመሩ

የመጀመሪያው ችግር የካሜራ ቦታ ነው፤ ፍሬሙ ማማሩ ወይም አለማማሩ አይፈታውም። ከአንዱ ተዋናይ ዓይን ወደ ሌላው ዓይን መስመር ዘርጋና በሁለቱም ጫፍ አስረዝመው። ለዚያ ትዕይንት ካሜራህ ከመስመሩ በአንድ ወገን ባለው የ180 ዲግሪ ግማሽ ክብ ውስጥ ብቻ ይንቀሳቀስ። እንዲህ ከሆነ በግራ የተቀመጠው ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ያያል፣ በቀኝ ያለው ወደ ግራ። ተመልካቹም እርስ በርስ እየተያዩ መሆኑን ሳያስብበት ይቀበላል። አንድ ሾት ብቻ ከማዶ ከወሰድክ ግን ሰውየው ፊቱን ያዞረ ይመስላል፤ ያየኸው ጥፋት ይኸው ነው።

ይህን በጭንቅላት ብቻ መያዝ አያዋጣም። ወለሉ ላይ ከወንበር እስከ ወንበር ፕላስተር ለጥፍ። የሾት ዝርዝርህ ላይም ከእያንዳንዱ ሾት ጎን «ወደ ቀኝ ያያል» ወይም «ወደ ግራ ያያል» ብለህ ጻፍ። ኦቨር ዘ ሾልደር (ከአንዱ ትከሻ ኋላ ሆኖ ሌላውን የሚያሳይ ሾት) ስትወስድ ካሜራው በየትኛው ትከሻ ላይ እንደሚያልፍ የሚወስነውም ያው መስመር ነው፦ በአንደኛው ሾት በሰውየው ቀኝ ትከሻ በኩል ካየህ፣ በመልሱ ሾት በሌላኛው ሰው ግራ ትከሻ በኩል ታያለህ። ሁለቱም ላይ ቀኝ ትከሻ ከተጠቀምክ ተሻግረሃል ማለት ነው።

ቀጥሎ ሁለቱን ሾቶች አመሳስል። ለአንዱ 50 ሚሊ ሜትር በ2 ሜትር ርቀት ከወሰድክ ለሌላውም 50 በ2 ሜትር፣ ካሜራውም በየራሳቸው የዓይን ከፍታ። አንዱ ቆሞ ሌላው ተቀምጦ ከሆነ ብቻ ከፍታው ይለያያል፤ ተቀማጩ ከፍ ካለ ካሜራ፣ የቆመው ዝቅ ካለ።

ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር ከፍሬም ውጪ ያለው ተዋናይ የት እንደሚቀመጥ ነው። ከካሜራው ጀርባ ሆነህ ስታይ፣ ወደ ቀኝ ለሚያየው ሰው አጋሩ ከሌንሱ በስተቀኝ ይሁን፤ ጭንቅላቱም ከሌንሱ 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይራቅ። ያኔ የተናጋሪው ሁለቱም ዓይኖች በደንብ ይታያሉ። አንድ ሜትር ከራቀ ፊቱ ወደ ጎን ይዞርና ተመልካቹ ከውጭ ሆኖ እንደሚታዘብ ይሆናል። ይህም የሚፈለግበት ጊዜ አለ፤ ለአንዱ ጠባብ ለሌላው ሰፊ ማድረግ ግን አይገጥምም።

ሌንስና_ርቀት

ስለ ማስጠጋትና ዙም፦ የፊትን ቅርጽ የሚለውጠው ሌንሱ ሳይሆን ርቀቱ ነው። የአፍንጫ ጫፍ ከጆሮ በ12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይቀድማል እንበል። ክሎዝ አፕ (ፊት ፍሬሙን የሚሞላበት ሾት) በ24 ሚሊ ሜትር ለመውሰድ፣ ፍሬሙ 40 ሳንቲ ሜትር ቁመት እንዲይዝ፣ ካሜራው 47 ሳንቲ ሜትር ድረስ መጠጋት አለበት። በዚህ ርቀት አፍንጫው ከጆሮው ጋር ሲነጻጸር 25 በመቶ ገዝፎ ይወጣል። ያንኑ ፍሬም በ70 ሚሊ ሜትር ከ1.4 ሜትር ብትወስደው ልዩነቱ ወደ 9 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ለፊት ከአንድ ሜትር ተኩል አካባቢ አትቅረብ፤ ፊቱ እንዲዛባ ሆን ብለህ ካልፈለግክ በቀር።

«ከሩቅ ስቀርጽ ክፍሉ ይጠፋል» የሚባለውም ሒሳብ አለው። ሰውየውን ከወገብ በላይ ይዞ 81 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ሚዲየም ሾት ውሰድ፤ ግድግዳው ከጀርባው 3 ሜትር ይራቅ። በ24 ሚሊ ሜትር ካሜራው 96 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሆንና ከግድግዳው 6 ሜትር ያህል ወርድ ይታያል። በ50 ካሜራው 2 ሜትር ላይ ሆኖ 3.6 ሜትር ይታያል። በ70 ደግሞ 2.8 ሜትር ርቀህ የምታየው 3 ሜትር ብቻ ነው። ሰውየው በሦስቱም እኩል ነው፤ የተለወጠው ከጀርባው ያለው ዓለም ነው። እንግዲህ ጥያቄው «ስንት ሚሊ ሜትር?» ከመሆኑ በፊት «ከጀርባው ምን ያህል ላሳይ?» ነው። መጀመሪያ ቆመህ ርቀቱን ምረጥ፣ ዙሙን በኋላ አዙር። በአንድ ቦታ ቆሞ ዙሙን ብቻ ማዞር ሾቶችን ሁሉ አንድ ዓይነት ያደርጋቸዋል። ሴንሰሩ ኤፒኤስ ሲ (ከፉል ፍሬም ያነሰው) ከሆነ ሌንሱን በ1.5 አባዛ፤ 35 እንደ 52 ይሠራል። አንዳንድ ፉል ፍሬም ካሜራዎችም በ4ኬ ሲቀርጹ ሴንሰሩን ይቆርጣሉ፤ ቁጥሮቹ ካልገጠሙህ መጀመሪያ እሱን አጣራ።

ተዋናዩን ግድግዳ ላይ አትለጥፈው። ሁለት ሜትር ብታርቀው ጥላው ከፍሬም ይወጣል፣ ባክግራውንዱም ይለሰልሳል። ሪከርድ ከመጫንህ በፊት ዓይንህን ከፊቱ አንስተህ የፍሬሙን አራት ጠርዞች ዙር። ከጭንቅላቱ የበቀለ የሚመስል የመብራት እንጨት፣ ጠርዝ ላይ የተቆረጠ ነጭ ጽዋ፣ ከፊቱ የበለጠ የሚያበራ መስኮት የምታገኘው ያኔ ነው። ብዙውን ጊዜ ትሪፖዱን ወደ ጎን 20 ሳንቲ ሜትር መግፋት ይበቃል።

የኤዲት_ክፍል

ስለሚዘለው ካት። የአንድን ሰው ሁለት ሾቶች አከታትለህ ስትገጥም የካሜራው አንግል ቢያንስ በ30 ዲግሪ ይቀየር፣ የምስሉ መጠንም በግልጽ ይለይ። ትንሽ ብቻ ከተለወጠ ተመልካቹ አዲስ ሾት መሆኑን አይቀበለውም፤ ምስሉ የተደናቀፈ ይመስለዋል። በዚያው አንግል መቅረት ካስፈለገህ መጠኑ በጣም ይራቅ፦ ከሙሉ ቁመና በቀጥታ ወደ ደረት። ከወገብ ወደ ደረት ግን አይሠራም። ካቱን እንቅስቃሴ ላይ አድርገው፤ ሰውየው መቀመጥ ሲጀምር በዋይድ፣ ሲጨርስ በሚዲየም። ለዚህ ሲባል ተዋናዩ እንቅስቃሴውን በሁለቱም ሾት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይድገመው።

ሄድሩምን (ከጭንቅላት በላይ ያለውን ክፍት ቦታ) በተመለከተ፣ ዓይንን የላይኛው መስመር ላይ የማድረግ ልማድ ለሚዲየምና ለክሎዝ አፕ ነው። ዋይድ ላይ ግን ሰውየው ትንሽ ነው፤ ዓይኑን እዚያ ለማድረስ ካሜራውን ወደ ታች ስታዘነብል ፍሬሙን ወለል ይሞላዋል። ዋይድ ላይ ሰውየው ከክፍሉ ጋር ያለውን ሚዛን ተመልከት፤ እግሩ ከታችኛው ጠርዝ ጋር አይነካካ። በጣም ጠባብ ክሎዝ አፕ ላይ ደግሞ ሄድሩም የለም፤ ፀጉሩንና ግንባሩን ቁረጥ፣ አገጩን ተው። ሰው ሲናገር አገጩ ስለሚንቀሳቀስ የታችኛው ጠርዝ ላይ ካዋልከው በየቃሉ ይገባል ይወጣል። አካልን ስትቆርጥ መገጣጠሚያ ላይ አትቁረጥ፦ ከጉልበት ይልቅ ጭን፣ ከአንገት ይልቅ ደረት።

ወደ ጎን ለሚያይ ሰው ከፊቱ ያለው ቦታ ከጀርባው ካለው ይስፋ። አፍንጫው ጠርዙን ሊነካ ሲደርስ መታፈን ይሰማል፤ ትዕይንቱ ያንን ከጠየቀ በሁለቱም ሰዎች ላይ በእኩል አድርገው።

ለቁመቱ 4ኬ ቅረጽ። 3840 በ2160 ውስጥ 9 በ16 ሲቆረጥ ወርዱ 1215 ፒክስል ነው፤ ለ1080 በ1920 ይተርፋል። በ1080ፒ ከቀረጽክ የሚቀርህ 607 ፒክስል ስለሆነ ተለጥጦ ይደበዝዛል። ቁመቱ ከአግድሙ ወርድ የሚወስደው 32 በመቶውን ብቻ ነው፤ ጠረጴዛ ተሻግረው የተቀመጡ ሁለት ሰዎች እዚያ ውስጥ አይገቡም። ለቁመቱ ሲንግሎችን (አንድ ሰው ብቻ ያለባቸውን ሾቶች) ተጠቀም፤ ወይም አንዱ ከሌላው ትከሻ ኋላ እንዲታይ በጥልቀት ደርድራቸው። ካሜራህ የፍሬም ምልክት ከሌለው ስክሪኑ ላይ ቀጭን ፕላስተር ለጥፍ፤ ምስሉ 12 ሳንቲ ሜትር ወርድ ካለው መሃሉ ላይ 3.8 ሳንቲ ሜትር ነው።

ሌንስና_ርቀት

የኤዲት_ክፍል ባለው ላይ አንድ ልጨምር። ግሪድ ላይ የተንጠለጠሉ ሰዎች መሃል ማስቀመጥን እንደ ጥፋት ያዩታል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። መሃል በጣም ኃይለኛ ቦታ ነው፤ ግን ልኩ ይጠበቅ። ሌንሱ ለግድግዳው ቀጥ ብሎ ይቁም፣ የካሜራው ሌቭል ዜሮ ያሳይ፣ በግራና በቀኝ ያለው ርቀት እኩል ይሁን። ጥቂት ወደ ጎን ያዘነበለ «መሃል» ስህተት ይመስላል፤ ምክንያቱም ዓይን ሲሜትሪን ካየ በኋላ ትንሿን ጉድለት ፈልጎ ያገኛል።

ጀማሪ24

እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ገባኝ። አንድ ቀረ፦ በትዕይንቱ መካከል አንደኛው ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄዶ ይቆማል። መስመሩ ያኔ ምን ይሆናል?

ባለመስመሩ

መስመሩ አብሮት ይሄዳል። ቁም ነገሩ ተመልካቹ ሲለወጥ ማየቱ ነው፤ ስለዚህ ሰውየው የሚሄድበትን ሾት መሃሉ ላይ አትቁረጠው። ተነስቶ፣ ተራምዶ፣ መስኮቱ ጋ ቆሞ ወደ አጋሩ እስኪዞር ድረስ ያዘው። ከዚያ አዲሱን መስመር ከመስኮቱ ወደ ወንበሩ ዘርግተህ በየትኛው ወገን እንደምትቆም እንደገና መምረጥ ትችላለህ። ካሜራውን በአንድ ሾት ውስጥ መስመሩን አሻግሮ ማንቀሳቀስም ይቻላል። ሁለቱም ከቀሩ በመሃል ልክ መስመሩ ላይ ሆነህ ተዋናዩን ፊት ለፊት ውሰድ፤ አቅጣጫ ስለሌለው ድልድይ ይሆናል። የእጅ ወይም የጽዋ ክሎዝ አፕም ያግዛል፣ ግን ደካማው መንገድ እሱ ነው።

ፓኑን (ሰውየውን ለመከተል ካሜራውን ወደ ጎን የምታዞርበትን ሾት) ስታዘጋጅ ከመጨረሻው ጀምር። መጀመሪያ ሰውየው መስኮቱ ጋ የሚቆምበትን ፍሬም አስተካክል፣ ፎከሱን አግኝና ምልክት አድርግ፣ ቀጥሎ ወደ መነሻው ተመለስ። ካሜራው በእጅ ከሆነ እግሮችህን ወደ መጨረሻው ፍሬም አዙረህ ቁምና ወገብህን ብቻ ወደ መነሻው ጠምዝዝ፤ ሲሄድ እየተፈታህ ትከተለዋለህ፣ መጨረሻው ላይ ሰውነትህ ሳይወጠር ያርፋል። በተቃራኒው ካደረግከው ሾቱ የሚንቀጠቀጠው መቆም ያለበት ቦታ ላይ ነው። ሲራመድ ከፊቱ ቦታ ተውለት፤ ሲቆም ግን ካሜራው እሱ ከቆመ በኋላ በዝግታ ይቁም እንጂ ቀድሞት አይጠብቀው።