ቀን ሥራ፣ ማታ ትምህርት፦ የጥናት ሰዓት ከየት ላምጣ?

ጥያቄ ከ«የማታዋ»

ሰላም ለሁላችሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 11:30 ቢሮ ነኝ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ከ12:00 እስከ ምሽቱ 2:30 አካውንቲንግ እማራለሁ፤ በነዚህ ቀናት ቤት ስገባ 3:30 ይሆናል። ፈተናው ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ፕሮግራም አወጣለሁ፣ ረቡዕ ሳይደርስ ይፈርሳል። ያነበብኩት በማግስቱ አይገኝም። ስልኩም ጊዜዬን ይበላል። ከሌሊቱ 9:00 እየተነሣሁ ላንብብ ወይስ የተሻለ መንገድ አለ?

መልስ ከ«ብራና»

እህቴ፣ የሌሊቱን 9:00 ተዪው። 4:30 ተኝተሽ 9:00 ብትነሺ እንቅልፍሽ አራት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ለአዋቂ ሰው ቢያንስ ሰባት ሰዓት ይመከራል። ቀን የተማርሽው አእምሮ ውስጥ የሚረጋውም ስትተኚ ነው፤ እንቅልፉን ቆርጠሽ ስታነቢ የምታነቢው ራሱ አይያዝም።

በ4:30 ተኝተሽ ከንጋቱ 11:30 ተነሺ፤ ሰባት ሰዓት ሞላ። እንደተነሡ ለሩብ ሰዓት፣ አንዳንዴም ለግማሽ ሰዓት የሚቆይ ድንዛዜ ስላለ ወዲያው መጽሐፍ አትክፈቺ። መብራት አብሪ፣ ታጠቢ፣ ቁርስ ቅመሺ። ከ12:00 እስከ 12:50 አጥኚ። ማታ ክፍል ባለበት ቀን ጠዋት አዲስ ምዕራፍ አትጀምሪ፤ ያለፈውን ብቻ ከልሺ። አዲሱን ለማክሰኞና ሐሙስ ምሽት ተዪው፤ ከ1:30 እስከ 3:00 በቂ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ጨምሪ። ሲደመር በሳምንት አሥር ሰዓት ገደማ ነው፤ በስድስት ሳምንት ስድሳ ሰዓት ይሆናል፤ ይህ ትንሽ አይደለም።

ቡና ላይም ተጠንቀቂ። የጠጣሽው ካፌይን ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ ሰውነትሽ ውስጥ አለ። በ4:30 ለመተኛት የመጨረሻው ስኒ ከቀኑ 9:00 ባያልፍ ይሻላል። ከሥራ በኋላ በረካ ድረስ ቁጭ ማለት የማግስቱን ጠዋት ያበላሻል።

መልስ ከ«ደብተር ያዥ»

ብራና ስለ ሰዓቱ ያለው ትክክል ነው። ዋናው ችግር ግን የጥናት መንገዱ ይመስለኛል። ደጋግሞ ማንበብና በቀለም ማስመር «ገብቶኛል» የሚል ስሜት ይሰጣል፤ ፈተና ላይ የሚጠየቀው ግን ሳያዩ ማውጣት ነው። ስለዚህ ልምምዱም ሳያዩ ማውጣት ይሁን። አንድ ንዑስ ርዕስ አንብቢ፣ መጽሐፉን ዝጊ፣ ባዶ ወረቀት ላይ ያስታወስሽውን ሁሉ ጻፊ፣ ከዚያ ከፍተሽ የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙዪ። በማግስቱ የምትከልሺው በሌላ ቀለም የተጻፈውን ነው።

ለትርጉምና ለምዝገባ ደንብ ካርድ ሥሪ። አንድ ኤ4 ወረቀት ሦስት ጊዜ ለሁለት አጥፈሽ ብትቆርጪው ስምንት ካርድ ይወጣዋል። ፊቱ ላይ ጥያቄ፦ «በዓመቱ መጨረሻ ያልተከፈለ ደመወዝ እንዴት ይመዘገባል?» ጀርባው ላይ መልስ፦ ዴቢት (በግራ ዓምድ) የደመወዝ ወጪ፣ ክሬዲት (በቀኝ ዓምድ) ተከፋይ ደመወዝ። በማግስቱ፣ በሦስተኛው፣ በሰባተኛውና በዐሥራ አራተኛው ቀን እያነሣሽ ራስሽን ጠይቂ። የሳትሽው ካርድ እንደ አዲስ ከማግስቱ ይጀምራል። ለክለሳው የታክሲ ሰልፍ ይበቃል። መርሳት ከትምህርቱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታትና ቀናት ፈጣን እንደሆነ ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ በ1885 እ.ኤ.አ. አሳይቷል፤ የመጀመሪያው ክለሳ ወደ ማግስቱ የቀረበው ለዚህ ነው።

የስሌት ጥያቄ ግን በካርድ አይጠናም፤ በእጅ ይሠራል። የተሠራውን ምሳሌ በዓይን መከተል ቀላል ስለሆነ ያታልላል። መልሱን ሸፍነሽ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሪ። ማሽኑ በ120,000 ብር ተገዝቶ፣ በ5 ዓመት መጨረሻ 20,000 ብር ያወጣል ከተባለ፣ በቀጥተኛ መስመር ዘዴ (በየዓመቱ እኩል በመቀነስ) የዓመቱ ዲፕሪሲዬሽን፣ ማለትም የእርጅና ቅናሽ፣ 20,000 ብር ነው። ብዙ ተማሪ የመጨረሻውን ዋጋ ሳይቀንስ 24,000 ይጽፋል። እንዲህ ያለውን ስሕተት ለብቻው ደብተር ላይ ከነምክንያቱ አስፍሪ፤ ከፈተና በፊት ባለው ሳምንት ከዚህ ደብተር የሚበልጥ ማስታወሻ የለም።

ትራያል ባላንስ (የዴቢትና የክሬዲት ድምር እኩል መሆኑ የሚፈተሽበት ዝርዝር) አልገጥም ብሎ ጊዜሽን ሲበላ ደግሞ ከመጀመሪያው አትደምሪ። የሁለቱን ድምር ልዩነት ለ9 አካፍዪ፤ ቀሪ ከሌለው ሁለት አኃዝ ተገላብጦ ሊሆን ይችላል፤ 5,400 በ4,500 ቢጻፍ ልዩነቱ 900 ነው። ካልሆነ የልዩነቱን ግማሽ የሚያህል ቁጥር ፈልጊ፤ በዴቢት ፈንታ ክሬዲት ውስጥ ገብቶ ይሆናል።

መልስ ከ«ነቁጥ»

ስለ ስልኩ፦ «ዛሬ አልነካም» ማለት ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ርቀት ግን ይሠራል። በጥናት ሰዓት ሌላ ክፍል ይቀመጥ፤ አንድ ክፍል ቤት ከሆነ ጠፍቶ ሣጥን ውስጥ ይግባ። ለመነሻ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የጠረጴዛ ሰዓት ግዢ፤ ስልኩ ማንቂያ ከሆነ ጠዋት መጀመሪያ የምትከፍቺው ቴሌግራም ይሆናል። የግድ በስልክ ከነቃሽ 5:30 ኤኤም መሙላትሽን አረጋግጪ፤ ፒኤም ከሆነ የሚጮኸው ከቢሮ ስትወጪ ነው።

ቴሌግራም ላይ የክፍልሽን ግሩፕ ብቻ ድምፅ ተዪለት። ሌላውን ለዘለቄታው ድምፁን ዘግተሽ ወደ አርካይቭ ላኪው፤ ድምፁ ካልተዘጋ አዲስ መልእክት ሲመጣ ከአርካይቭ ተመልሶ ይወጣል። አንድሮይድ ስልክ ላይ ዲጂታል ዌልቢይንግ በሚባለው ቅንብር ውስጥ ለቲክቶክ የቀን ገደብ ማድረግ ይቻላል። ገደቡ ግን ከሌሊቱ 6:00 ላይ ይታደሳልና አምሽቶ ለሚተኛ ሰው አዲስ ጊዜ ይከፍትለታል።

«የማታዋ»

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ሁለት ነገር ቀረኝ። ለቅሶ ወይም ማኅበር ሲመጣ ፕሮግራሙ ይፈርሳል፤ ማክሰኞ ምሽት መብራት ሲጠፋስ?

መልስ ከ«ብራና»

ፕሮግራምሽ የሚፈርሰው ያመለጠውን በማግስቱ ላይ ስለምትጭኚው ይመስለኛል። ሰኞ ያመለጠ ማክሰኞን ያጨናንቃል፣ ማክሰኞም ሳያልቅ ወደ ረቡዕ ይገፋል። ያመለጠን ሰዓት ወደ ማግስቱ አታሻግሪ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ምንም ሳትመድቢበት ባዶ አድርጊ፤ የሳምንቱ ያመለጠ ሁሉ እዚያ ይግባ። ከሁለት ሰዓት ከበለጠ ፈተና ላይ ነጥቡ ዝቅተኛ የሆነውን ርዕስ ቁረጪ። ለቅሶ መድረስ አይቀርም፣ መቅረትም የለበትም፤ ፕሮግራሙ ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ለመብራቱ በባትሪ የሚሠራ የጥናት መብራት ቢሮ ቻርጅ አድርገሽ ያዢ። ስልክ ላይ ያለውን ፒዲኤፍ ሁሉ ማተም አያስፈልግም፤ የመልመጃ ገጾቹን ብቻ አሳትሚ፣ መልሳቸውን በሌላ ወረቀት ለይተሽ።