የፎርም ስህተት እዚያው ገጽ ላይ እንዲወጣ እንዴት ላድርግ?

ጀማሪ ነኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለአንድ የሥልጠና ማዕከል የመመዝገቢያ ፎርም በፒኤችፒ እየሠራሁ ነው። ፎርሙ አንድ ፋይል ነው፣ ተቀባዩ ሌላ ፋይል። ሰው ስልኩን ከተሳሳተ ነጭ ገጽ ላይ «ስልክ ቁጥሩ ትክክል አይደለም» ይላል፣ በቃ። ወደ ኋላ ሲመለስ አንዳንዴ የሞላው ሁሉ ጠፍቶ ይጠብቀዋል። ትናንት እናቴን አስሞክሬያት ሁለተኛው ዙር ላይ ትታው ተነሳች። ስህተቱ ከሳጥኑ ሥር እንዲወጣ ምን ላድርግ? ኤችቲኤምኤሉ ላይ ሳጥኑ ባዶ ሆኖ እንዳይላክ የሚከለክለውን «ሪኳየርድ» ጨምሬያለሁ።

ቡና በጨው፦
ነጩ ገጽ የመጣው ስህተት ባገኘህ ቁጥር «ዳይ» እያልክ ስለምታስቆመው ይመስለኛል። ሁለቱን ፋይል አንድ አድርጋቸው፤ ፎርሙ ለራሱ ይላክ። ከፋይሉ አናት ላይ፣ ገና ምንም ኤችቲኤምኤል ሳይወጣ፣ በፖስት (ፎርሙ ሲላክ) የመጣ ነገር ካለ ፈትሽ። ስህተት ስታገኝ አትቁም። «ስህተቶች» በሚል አሬይ (ዝርዝር መያዣ) ውስጥ በሳጥኑ ስም አስቀምጠውና ቀጥል። አሬዩ ባዶ ከሆነ መዝግብ። ካልሆነ ፎርሙ ከታች እንደገና ይወጣል፣ ከየሳጥኑ ሥርም የራሱን ስህተት ታሳያለህ።

ሰውየው የጻፈውን በሳጥኑ «ቫልዩ» ውስጥ መልስለት። ግን የኮድ ምልክቶችን ተራ ጽሑፍ በሚያደርገው በኤችቲኤምኤልስፔሻልቻርስ አሳልፈህ፤ አለዚያ አንዱ ስክሪፕት ይጽፍልህና ጉድ ይፈላል። ፓስወርድ ግን አይመለስም። «ሪኳየርድ» ደግሞ ብሮውዘር ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። ማለፍ የፈለገ ያልፈዋል፣ ስለዚህ ሰርቨር ላይ መፈተሽ ግድ ነው።

ጀማሪ ነኝ፦
ሠራ! እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ግን ቀረኝ። ገጹን ሪፍሬሽ ሳደርግ ያው ሰው ድጋሚ ይመዘገባል። ስሙን በአማርኛ የጻፈውን ደግሞ አይቀበልም።

የማታ ተማሪ፦
የመጀመሪያው ቀላል ነው። መዝግበህ እንደጨረስክ በ«ሄደር ሎኬሽን» ወደ «ተመዝግበዋል» ገጽ ላከውና ወዲያው «ኤግዚት» በል። ከዚያ በኋላ ሪፍሬሽ ቢያደርግ የሚደገመው ያ ገጽ ብቻ ነው።

ስሙን በምትፈትሽበት ሬጌክስ (የጽሑፍ ንድፍ) ላይ ከኤ እስከ ዜድ ብቻ ፈቅደህ ይሆናል። ባክስላሽ ፒ ብለህ በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ኤል ብትጽፍ የማንኛውንም ቋንቋ ፊደል ይቀበላል። ከንድፉ መጨረሻ ላይ «ዩ» የምትለዋን ምልክት አትርሳ፣ ክፍት ቦታም ፍቀድ። ርዝመቱን በ«ስትርሌን» ከለካህ ሌላ ጣጣ አለ፤ እሱ የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው። በዩቲኤፍ-8 (ፊደል በኮምፒውተር በሚቀመጥበት ኮድ) አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ስለሆነ «አበበ» 9 ይሆንብሃል። በ«ኤምቢ ስትርሌን» ቀይረው። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ሌሊት አድሬበታለሁ።

ቡና በጨው፦
ስልኩንም እይ እንጂ። 09 ብቻ ከፈቀድክ በሳፋሪኮም 07 የሚደውለው ውጭ ይቀራል። መጀመሪያ ክፍተቱንና ሰረዙን አውጣለት። +251 ብሎ ከጀመረም ወደ 0 ቀይረህ ከዚያ ፈትሽ። የልደት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ወሩን 12 ላይ እንዳታቆመው፤ ጳጉሜን የተወለደ ሰው አለ።

ጀማሪ ነኝ፦
07 ጭራሽ ትዝ አላለኝም! ሁሉንም አስተካክዬ እናቴን ድጋሚ አስቀመጥኳት። «ምንም አላለም» አለችኝ። ለካ ስህተቱ ከታች ወጥቷል፣ በእሷ ስልክ አይታይም።

የማታ ተማሪ፦
ገጹ ሲከፈት ኩርሰሩ መጀመሪያ የተሳሳተው ሳጥን ላይ እንዲያርፍ «አውቶፎከስ» እዚያ ሳጥን ላይ ብቻ ጨምር። ከአናትም «2 ስህተት አለ» የምትል አንድ መስመር አድርግ። ለእማማ ሰላም በልልኝ።