ኪያሬ ያብባል እንጂ አያፈራም

ከባሕር ዳር፦ የጓሮ አጥሬ ላይ ያሳደግሁት ኪያር በቢጫ አበባ ተሸፍኗል። ጣት የሚያህሉት ፍሬዎች ግን ጠውልገው ይረግፋሉ። ፍግም ውሃም አልነፈግሁትም። ምን ጎደለው?

ከሐዋሳ፦ እህቴ፣ የጎደለው ዱቄቱን ከወንዴ አበባ ወደ ሴቴዋ የሚያደርስ ንብ ይመስለኛል። ከሥሯ ትንሽ ኪያር የያዘችው አበባ ሴቴ ናት፤ በቀጭን ዘንግ ላይ የቆመው ወንዴ ነው። ጠዋት አበባው እንደተከፈተ ወንዴውን ቀጥፈሽ፣ ቢጫውን ገፍፈሽ፣ ዱቄት ያለበትን መካከሉን ሴቴዋ እምብርት ላይ በቀስታ አስነኪ። ለነገ አታሳድሪው፤ አበባዋ የምትቆየው አንድ ቀን ያህል ብቻ ነው።

ከአዲስ አበባ፦ እኔ አጠገቡ በሶብላ ተክዬ ንቦች መጥተውልኛል። ፀረ ተባይ የሚረጩ ከሆነ ግን እባክዎ ያቁሙ።

ከባሕር ዳር፦ እኔ አልረጭም፤ ጎረቤቴ ግን ለቲማቲሙ ጠዋት ጠዋት ይረጫል! ቢያንስ ንቦቹ ከገቡ በኋላ፣ ማታ እንዲረጭ ዛሬውኑ እለምነዋለሁ።