ቆሽት የቱ ነው፣ ጣፊያስ የቱ?

ጠያቂው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ስለ ስኳር በሽታ ሁለት ጽሑፎች አነበብኩ። አንዱ ኢንሱሊን የሚመነጨው ከቆሽት ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ይህንኑ ሥራ ለጣፊያ ሰጥቶታል። የቱን ልመን? ደግሞስ ይሄ ቆሽት «ቆሽቴ አረረ» የምንለው ነው ወይስ ሌላ?

ባለ ነጭ ጋዋኗ፦
ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን እመን። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ አግድም የተኛ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ዕጢ ነው። ሁለት ሥራ ደርቦ ይሠራል። ምግብ የሚያልሙ ኢንዛይሞችን ወደ ትንሹ አንጀት ይልካል። የደም ስኳርን የሚቆጣጠሩትን ሆርሞኖች፣ ኢንሱሊንንና ግሉካጎንን፣ ደግሞ በቀጥታ ወደ ደም ይለቃል።

ጣፊያ ሌላ ነው። በግራ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ተሸሽጎ ይቀመጣል፤ ጭብጥ ያህላል። ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሳትን ከደም ያጣራል። ዕድሜያቸው 120 ቀን ገደማ ነው። ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ) በሚበዛባቸው በመተማና በሁመራ የሠራ የጤና ባለሙያ ጣፊያን በጣቱ ነው የሚያውቀው። ካላዛር የያዘው ሰው ጣፊያው አብጦ ከጎድን አጥንቱ በታች ይወርዳል፣ ሆዱን ስትዳብስ ታገኘዋለህ። ወባ ሲመላለስበትም እንዲሁ። የጤነኛ ሰው ጣፊያ ግን አብዛኛውን ጊዜ እጅ ላይ አይገኝም።

ጥርጣሬ ከቀረህ ይህን ያዝ። እ.ኤ.አ. በ1889 ሚንኮቭስኪና ፎን ሜሪንግ የተባሉ ተመራማሪዎች የውሻ ቆሽት በቀዶ ጥገና አወጡ። ውሻውን ስኳር ያዘው። ጣፊያው የወጣለት ሰው ግን በዚህ ሰበብ ስኳር አይዘውም። ኢንፌክሽን እንዳያጠቃው ክትባት ይሰጠዋል እንጂ።

ጋሼ ቅርጫ፦
ተባረኪ ልጄ። እኔ እንደሚመስለኝ ግርግሩ የመጣው ሁለቱ ጎረቤታሞች ስለሆኑ ነው። በሬ ሲታረድ ጣፊያን ሁሉም ያየዋል፤ ጠቆር ያለ፣ ረዘም ያለ፣ ብቻውን የሚለይ ነገር ነው። ቆሽት ግን ገርጣ ብሎ ስብ ውስጥ ይደበቃል። ዓይቶ የሚለየው ስንቱ ነው? እና ሐኪም «ከሆድህ በስተኋላ ያለ ዕጢ» ሲለው ሰው የሚያውቀውን ስም ቢሰጠው አይፈረድበትም። ጸሐፊ ግን ይፈረድበታል!

«ቆሽቴ አረረ» ያው ቃሉ ነው። የሚናገረው ሰው ግን ስለ ዕጢ አያስብም፤ በንዴት ውስጤ ተቃጠለ ማለቱ ነው። አማርኛ ስሜትን ለሆድ ዕቃ አከፋፍሏል። ንዴት ለቆሽት ደረሰው። ርኅራኄ ለአንጀት፣ «አንጀቴን በላው» እንዲሉ። ቻይነት ለሆድ ሆኖ ሆደ ሰፊ ተባለ። ወኔ ደግሞ የሐሞት ነው፤ ቆራጡ ሐሞተ ኮስታራ፣ ፈሪው ሐሞተ ቢስ። ተስፋ የቆረጠ ሰው «ሐሞቱ ፈሰሰ» ይባልለታል።

ባለ ነጭ ጋዋኗ፦
ጋሼ፣ ሐሞት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሐሞት የሚመነጨው ከጉበት ነው። ከረጢቱ ማጠራቀሚያ ብቻ ነው፤ ቅባት ያለው ምግብ ሲገባ ተኮማትሮ ይለቀዋል። በጠጠር ምክንያት ከረጢቱ የወጣለት ሰው ሐሞት አላጣም፣ ከጉበት ወደ አንጀት መፍሰሱን ይቀጥላል። ሐሞተ ቢስ ብላችሁ እንዳትቀልዱበት።

የባዮሎጂው መምህር፦
እኔ ደግሞ የሚቆጨኝ ደም ቅዳና ደም መልስ ነው። ተማሪው «ደም ቅዳ ንጹሕ ደም፣ ደም መልስ ቆሻሻ ደም ይይዛል» ብሎ ይሸመድዳል። ከዚያ ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው ሲመጣ ይደናበራል። እሱ የሚወስደው ኦክስጅኑ የቀነሰ ደም ነው፤ ግን ደም ቅዳ ነው። ከሳንባ ኦክስጅን ጭኖ ወደ ልብ የሚመጣው ደግሞ ደም መልስ ነው።

ስሙን ላስተዋለ ግን ምንም ግራ የሚያጋባ ነገር የለም። ቅዳ የተባለው ከልብ ቀድቶ ስለሚወስድ፣ መልስ የተባለው ወደ ልብ ስለሚመልስ ነው። ስለ ንጽሕና ያነሳ የለም። «ቆሻሻ ደም» የሚለውን አባባል ከክፍሌ አባርሬዋለሁ። ኦክስጅኑ ያነሰ ደም ቆሻሻ አይደለም፣ ቀለሙ ብቻ ጠቆር ይላል።

ጠያቂው፦
ቆሽቴ በረደ፣ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ «የደም ሕዋስ» ስትሉ፣ «አምስቱ የስሜት ሕዋሳት» ውስጥ ያለው ሕዋስ ነው?

የባዮሎጂው መምህር፦
ቃሉ አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት። ቀደምቱ የስሜቱ ነው፤ ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስ፣ መዳሰስ። ሳይንስ በአማርኛ ሲጻፍ ለሰውነት ጥቃቅን ክፍል ተዋሱት። ከዚያ ሕዋሶች ሲተባበሩ ኅብረ ሕዋስ ተባለ፤ ይሄኛው በጣም ደስ ይለኛል። አብዮተኞቹም የድብቅ ቡድናቸውን ሕዋስ ይሉት ነበር። ፈተና ላይ «ሕዋስ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ለዚህ ነው አደጋው።

ጠያቂው፦
ነርቭንስ በአማርኛ ምን እንበለው?

ጋሼ ቅርጫ፦
ነርቭ በለው። ጅማት እንዳትለኝ ብቻ፤ ጅማት ሥጋን ከአጥንት የሚያያይዘው ነው፣ ጥርስ ያለው ሰው ያውቀዋል።